የኢማም ልጅ፣ የጎንደር እቴጌ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን የጉናን ተራራ በቀኙ አድርጎ፣ የፋርጣን የገብስ ማሳ ግራና ቀኝ እየተመለከተ፣ ብርዱ ከአጥንት በሚዘልቀው በገሳይ ሜዳ አልፎ፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን ቢወርድ የጁ ነው፣ ወደ ደቡብ ቢታጠፍም ወሎ ነው። ይህን መንገድ አስቀድሜ ማንሣቴ፣ ስለ እቴጌ መነን ሊበን የሚናገር ሁሉ ነገሩን ከጎንደር ቤተ መንግሥት እየጀመረ፣ ወይዘሮዋን ከሩቅ አገር ድንገት መጥተው የሌላውን አልጋ እንደ ያዙ እንግዳ ስለሚቆጥራቸው ነው። እኔ ግን እኚህ ሴት ለደብረ ታቦር እንግዳ አልነበሩም እላለሁ፤ ከተማይቱ የተተከለችው በበጌ ምድር ክርስቲያንና በወሎ እስላም መካከል፣ በሁለቱ ደፍ ላይ ነበርና፣ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሰውነት የያዘ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ያ ሰውም እርሳቸው ሆኑ።

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ መሆናቸው በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ምንም እንኳ የአገሩ ሽማግሌዎች የቦታውን መመረጥ ለሰው ሳይሆን ለመለኮት ፈቃድ ቢሰጡትም። ራስ ጉግሣ ከጎንደር ርቀው ከጉና ሥር መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎንደር የነገሥታት፣ የካህናትና የሊቃውንት ከተማ ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱም፣ ምንም ሥልጣኑ ከስም ባያልፍ፣ እዚያው ተቀምጧል። ለእንደራሴው ግን የሚበጀው፣ አንድ ዓይኑ ንጉሡን ሲጠብቅ ሌላው ዓይኑ የዘመዶቹን የየጁን ፈረሰኞች የሚያይበት ከፍታ ነበር። ስለዚህ ደብረ ታቦር ከተማ ከመሆኗ አስቀድሞ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ድንኳኑ፣ የሣር ጎጆው፣ የእንጀራ ጋጋሪዎችና የጠጅ ጣዮች ማጀት፣ የፈረስ ጋጣው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተደርድሮ፣ ጌታው ሲዘምት ግማሹ አብሮ የሚነሣ፣ ሲመለስም እንደገና የሚሞላ። ከታች በፎገራ ይፋግ ገበያው ይደምቃል፤ በድሪታም የእስላም ነጋዴዎች ተቀምጠው ነበር። በአንድ ቀን ገበያ ማተብ ያሰረው ባላገርና ጥምጥም የጠመጠመው ነጋዴ ጨውና እህል ሲለዋወጡ ይውላሉ፤ ማታ ግን ሁሉም ወደየማዕዱ ይመለሳል።

የወይዘሮ መነንን ሕይወት ለመረዳት ከዚህ ከማዕዱ ነገር መጀመር ይገባል። አባታቸው ኢማም ሊበን አመዴ፣ በወሎ የወረ ሂማኖን ቤት የገዙ፣ ኢማም በሚለው ማዕርጋቸውም መንግሥትንና ሃይማኖትን በአንድነት የያዙ ባላባት ነበሩ። ልጅቱ ያደጉት በዚህ ቤት፣ በእስልምና ሕግ፣ የኦሮሞ የነገድ ስምና የአማራ ጎረቤት በተዋሐዱበት አገር ነው። ለራስ ጉግሣ ልጅ ለአሉላ ሲዳሩ ግን ክርስትና ተነሡ። በዚያ ዘመን ይህ ማለት የጸሎትን ቤት መለወጥ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ቡናና ጫት እንኳ የእስላም ናቸው ተብለው ከክርስቲያን ቤት ይርቁ ነበር። እንግዲህ አንዲት ሴት ማተቧን ካሰረች በኋላ እናቷ ቤት ብትሄድ እናቷ ካሳረደችው በግ አትቀምስም፤ ወንድሟም ሊጠይቃት ቢመጣ ከእርሷ ድግስ ሽሮና ወተት እንጂ ሥጋ አይቆርስም። የመሳፍንቱ ጋብቻ ያስከፈለው ዋጋ ይህ ነበረ፤ ከፋዮቹም ሴቶቹ ነበሩ፤ ምክንያቱም ወንዶቹ ውሉን በአደባባይ ሲዋዋሉ፣ ውሉን በማጀት፣ በመኝታና በልጅ ማሳደግ ዕለት ዕለት ያጸኑት እነርሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ለየጁ ቤት ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ወረ ሼህ የተባለው ይህ ቤት የዘር ሐረጉን ከአንድ ሼህ ይመዛል፤ በ1776 ዓ.ም. ሥልጣኑን የያዙት ታላቁ ራስ ዓሊም ክርስትናን የተቀበሉ ናቸው። ስማቸውን ግን አልጣሉትም። የክርስቲያን መንግሥት እንደራሴዎች ዓሊ፣ ይማም እየተባሉ፣ በታቦት ፊት እየሰገዱ፣ ለአድባራት ጉልት እየሰጡ ሰባ ዓመት ያህል ገዙ። ከእነርሱም አስቀድሞ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ የወሎ ባላባት ልጅ የሆኑትን ውቢትን አግብተው፣ ከእርሳቸው የተወለዱት አፄ ኢዮአስ በነገሡበት በ1747 እና በ1761 ዓ.ም. መካከል በጎንደር ግቢ ኦሮምኛ እንደ ልብ ይነገር ነበር። የጎንደር መኳንንት በዚህ ምን ያህል እንደ ተቆጡ፣ ቍጣውም የራስ ሚካኤል ስሑልን መምጣትና የንጉሡን መገደል እንዴት እንዳስከተለ ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ ወይዘሮ መነን የገቡበት በር አስቀድሞ የተከፈተ፣ ነገር ግን ደም የፈሰሰበት በር ነበረ።

ባላቸው አሉላ ሞቱ፤ ልጃቸው ዓሊ ቀረ። ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬ፣ ዶሪ በተከታታይ ተነሥተው ሁሉም ሳይሰነብቱ አለፉ፤ ራስ ማርዬ በ1823 ዓ.ም. ደጃዝማች ሰባጋዲስን ለመውጋት ወደ ትግሬ ዘምተው በደብረ ዓባይ ውጊያ ወደቁ፣ ዶሪም ከጥቂት ወራት በላይ አልቆዩም። ያን ጊዜ የየጁ መኳንንት ተማክረው የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ የነበረውን ዓሊን ራስ አደረጉት። ለምን እርሱን? የጉግሣ የልጅ ልጅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የጉግሣ ዘር ግን ሌላም ነበረ። በእኔ አስተያየት ልጁን ያስመረጠው የእናቱ ወገን ነው፦ በአባቱ በኩል የጁን፣ በእናቱ በኩል ወሎን የሚጠራ እርሱ ነበርና፣ በእርሱ ሥር ሁለቱ ፈረሰኞች አንድ ይሆናሉ። ልጁ እስኪያድግ ሞግዚቶቹ መኳንንት ሲገዙለት፣ እናቱ በደብረ ታቦር በጆሮውም በምክሩም አጠገቡ ነበሩ፤ የወሎ ዘመዶቻቸውም በምሥራቁ መንገድ እየመጡ የራስ ዓሊን ሰፈር ይሞሉት ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች ሥልጣን አንድ ነገር ልጨምር። ከመነን በኋላ የመጣው ትውልድ ጦር ያዘዘችን፣ ግብር ያስገባችን ሴት እንደ ተአምር ያወራላት ነበር፤ ነገር ግን በጎንደር ዘመን የመሬት መዛግብት ሴቶች በገዛ ስማቸው ርስትና ጉልት ሲይዙ፣ ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱ ይታያሉ። ወይዘሮ ከአባቷ የወረሰችውን ድርሻ ይዛ ትመጣለች፤ ጋብቻው ቢፈርስ ይዛው ትሄዳለች። እንግዲህ መነን ያገኙት ሥልጣን ሕግና ልማድ ያልነበረው አይደለም፤ ብርቅ የነበረው ስፋቱ ነው። የደምቢያው ገዢ ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ደምቢያ ለመነን ሆነ፤ የጣና ሰሜን ዳር ለምለም ሜዳ፣ የጎንደር ጎተራ፣ በአንዲት ወይዘሮ እጅ ገባ።

በ1832 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ወይዘሮ መነን ከሁሉ የሚበልጠውን እርምጃ ወሰዱ። የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ልጅ ዮሐንስን አግብተው ነበርና፣ አፄ ሣህለ ድንግል ከአልጋው እንዲወርዱና ባላቸው ሣልሳዊ ዮሐንስ ተብለው እንዲነግሡ አስደረጉ፤ እርሳቸውም እቴጌ ተባሉ። እስቲ አንባቢ ይህን ያስተውል፦ ልጃቸው እንደራሴ ነው፣ ባላቸው ንጉሠ ነገሥት ነው፣ አባታቸው የእስላም ኢማም ነበሩ፤ የሰሎሞንን ዘር ዘውድ፣ የየጁን ሰይፍና የወሎን ፈረስ በአንድ ገመድ ያሰሩት እኚህ ሴት ናቸው። ምንትዋብ ከቋራ መጥተው ለራሳቸው ወገን ቤተ መንግሥቱን እንደ ከፈቱ ሁሉ፣ መነንም የእቴጌነቱን ስም ከወሎ ድረስ ዘረጉት። በእነዚህ ዓመታት ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው መንገደኛ አርኖ ዳባዲ እኚህን ወይዘሮ አግኝቶ በጉዞ መጽሐፉ ስለ እርሳቸው ጽፏል፤ የባዕድ ሰው እንኳ የአገሩን ሥልጣን ሲፈልግ ከዙፋኑ ይልቅ ወደ እርሳቸው ደጅ መሄድ እንደሚገባ ተረድቶ ነበር።

ግን ገመዱ በሁሉም ጫፍ ይጎተት ነበር። አፄ ዮሐንስ ሚስታቸው ያነገሧቸው ንጉሥ ሆነው መኖርን አልወደዱም፤ ከእንጀራ ልጃቸው ጠላት ከሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ጋር መግጠማቸው ስለ ታወቀ ከዙፋን ወረዱ፤ ከዚያ በኋላም ዘውዱ በእርሳቸውና በሣህለ ድንግል መካከል ሲመላለስ ኖረ። ከዚህ የከፋው ግን የሃይማኖቱ ክስ ነበረ። ብዙ ዓመት ያለ ጳጳስ የቆየችው ኢትዮጵያ በ1834 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን ተቀበለች፤ ያስመጧቸውም ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ራስ ዓሊን በስም ክርስቲያን፣ በልብ እስላም ናቸው እያሉ አወጁ፤ ለዚህም ከእናትየው የትውልድ ቤትና በደብረ ታቦር ከሚታዩት የወሎ ዘመዶች የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። በዚያው ዓመት ከጎጃሙ ከብሩ ጎሹ ጋር ሆነው፣ ጳጳሱንም አስከትለው ደብረ ታቦር ድረስ ዘመቱ። በመነን አገር ደፍ ላይ የተደረገው ይህ ውጊያ በታሪካችን ከታዩት ሁሉ እንግዳ የሆነ ፍጻሜ አለው፦ የውቤ ነፍጠኞች ድል አደረጉ፣ ራስ ዓሊም ሸሹ፤ ማታ ግን ድል አድራጊዎቹ በድግስና በመጠጥ ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ጥቂት ሰው ይዘው ደርሰው ውቤን ማረኩ። ዓሊ ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ ውቤም በኋላ ታርቀው አገራቸውን አገኙ። ክሱ ግን አልተመለሰም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራስ ዓሊን የሚጠላ ሁሉ የእናታቸውን እምነት ያነሣ ነበር።

እኔ ስለዚህ ክስ የማምነውን ልናገር። እቴጌ መነን በልባቸው ምን ያምኑ እንደ ነበረ የሚያውቀው ልብና ኵላሊት የሚመረምረው ብቻ ነው፤ እኛ የምናየው የሠሩትን ነው። የሠሩትም ክርስቲያን ሴት የምትሠራውን ነበረ፤ ማተብ አሰሩ፣ ልጃቸውን ለክርስቲያን መንግሥት አሳደጉ፣ ከሰሎሞናዊ ንጉሥ ጋር በጋብቻ ኖሩ። የአባታቸውን ቤት ግን አልካዱም፤ ዘመዶቻቸውንም ከደጃቸው አላባረሩም። በሰላም ጊዜ ይህ ሁለትነት የከተማይቱ ጥቅም ነበር፤ በወሎና በበጌ ምድር መካከል የሚነሣው ጠብ በዝምድና ይበርድ ነበርና። በጠላትነት ጊዜ ግን ያው ዝምድና ክህደት ተብሎ ይነበባል። ሴትዮዋ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ፍላጎት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ካሣ ኃይሉን ሁሉም ያውቀዋል። በቋራ በረሓ ሽፍትነት የጀመረው ይህ ሰው ኃይሉ ሲበረታ፣ መነንና ዓሊ የለመዱትን መድኃኒት ሞከሩ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። አንድ ጊዜ በወሎና በየጁ መካከል ውል ሆነው የተሰጡት ሴት፣ አሁን የልጃቸውን ልጅ ውል አድርገው ሰጡ። ነገር ግን መድኃኒቱ በዚህ ሰው ላይ አልሠራም። ካሣ የሚገባውን ሹመት ተነፈግሁ ብሎ ሸፈተ፤ ደምቢያንም ዘረፈ። እቴጌዪቱ ደጃዝማች ወንድይራድን ሰደዱበት፤ ወንድይራድም የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ ሄዶ ተማረከ፤ ካሣም ኮሶ አቅርቦ እንዳጠጣው ይተረካል። በ1839 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እቴጌ መነን ራሳቸው ጦር አስከትለው ከጣና በስተሰሜን ገጠሙት፤ ተሸንፈው ከባላቸው ጋር ተማረኩ። ራስ ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ደምቢያን ለካሣ ለቀው፣ ደጃዝማች ብለው ሾሙት።

የመነን ታሪክ በዚህ ማብቃቱን ብዙ ሰው ይወዳል፤ ትዕቢት በትሕትና ተሸነፈ ይላል። ለእኔ ግን የዚህ ምዕራፍ ትልቁ ሰው ተዋበች ናት። እርሷ የኢማሙ የልጅ ልጅ ልጅ፣ የራስ ዓሊ ልጅ ሆና ሳለ፣ ባሏ አያቷን ሲማርክና አባቷን ሲወጋ ከባሏ ጎን ቆማለች። አያቷ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ የያዙትን ቦታ የልጅ ልጃቸው ለመያዝ ወይ አልቻለችም ወይ አልፈለገችም፤ ዘመኑ አንዱን ምረጪ የሚል ዘመን ሆኖ ነበርና።

የእንግሊዙ ቆንሲል ፕላውደን በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ሲዋዋል፣ ራስ ዓሊ ውሉ ሲነበብ ስለ ፈረስ ይጨዋወቱ እንደ ነበርና ወረቀቱ ባይጎዳም ብዙ እንደማይጠቅም እንደ ተናገሩ ጽፏል። ብዙዎች ይህን የስንፍና ምልክት ያደርጉታል። እኔ ግን በፈረስና በዝምድና ለገዛ ቤት ልጅ ወረቀት የሚቀርብ ነገር እንዳልነበር አስባለሁ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ቆይቶ የሆነው ሆነ፦ ካሣ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ገደለ፤ ደብረ ታቦርንም አቃጠለ፤ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. በአይሻል የራስ ዓሊን ፈረሰኞች ፈታ። ዓሊ ወደ አባቶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ይህችኑ ያቃጠላትን ደብረ ታቦርንም መልሶ መናገሻ አደረጋት፣ በአጠገቧም በጋፋት አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጦ መድፉን አሠራ።

ታሪክ የሚጽፉት አሸናፊዎች ናቸው የሚለው አባባል በመነን ላይ በእርግጥ ተፈጽሟል። ስለ ዘመኑ በአማርኛ የምናነበው ዋናው ምስክር የደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስ ዜና መዋዕል ነው፤ ጸሐፊው የቴዎድሮስ ሰው ነውና የጌታውን ጠላት ከጌታው ዓይን ያያል። ስለዚህ መነን በትውስታችን የቀሩት ካሣን የናቁ፣ ኮሶ ሻጭ ያሰኙ፣ በመጨረሻም የተማረኩ ሴት ሆነው ነው። ሃያ ዓመት ያህል ያቆሙት ሥራ ግን፣ ማለትም በጉና ምሥራቅና ምዕራብ የሚኖሩትን ሁለት ሕዝቦች በአንድ ቤት ሥር ማኖሩ፣ አንድ ገጽ እንኳ አላገኘም።

የየጁ ደም ግን ከቤተ መንግሥቱ አልወጣም። ከራስ ጉግሣ ልጆች አንዲቱ ለሰሜኑ ገዢ ለኃይለ ማርያም ገብሬ ተድረው ብጡልን ወልደዋል፤ ብጡል የአሉላ እኅት ልጅ ናቸውና ለራስ ዓሊ የአክስት ልጅ ይሆናሉ። የብጡል ልጅ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አግብተው፣ አዲስ አበባን ቆርቍረው፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ። በውቤ ዘመን በደብረ ታቦር ላይ ጦር ያስነሣው ያው የወረ ሼህ ትውልድ፣ በጣይቱ ዘመን ከአገሩ ታላላቅ ቤቶች እንደ አንዱ ይቆጠር ነበር። የጣይቱ የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌም በደብረ ታቦር ተቀምጠው እስከ 1922 ዓ.ም. በጌ ምድርን ገዙ፤ የተሰጣቸውም ስም የአያታቸው አያት፣ የከተማይቱ መሥራች ስም ነበረ።